አዲሱ መድኃኒት በማን ደም ተፈተነ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የሚነሣው ከማንኪራ ነው። በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ይህች የጫካ ቀበሌ የአካባቢው ሰው እናት ቡና በሚለው አንጋፋ ዛፍ ትታወቃለች። የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም የተሠራው ቦንጋ ከተማ ላይ ነው። በዚህ ዝግጅት የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

ቡናን ሁሉም ያውቀዋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ከጀበናውና ከስኒው ርቆ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለው። የመድኃኒት ተመራማሪዎች የአንድ ሰው ጉበት የሚገባበትን ነገር በምን ፍጥነት እንደሚያጣራ ለማወቅ ሲፈልጉ ካፌይን ይሰጡታል። በጎ ፈቃደኛው ከፈተናው በፊት ቡናም ሻይም ሳይቀምስ ይቆያል፤ ከዚያ የተለካ ካፌይን ይወስዳል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ደሙ ተቀድቶ ካፌይኑ ምን ያህል ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደተለወጠ ይለካል። ፈጥኖ የሚለውጥ ጉበት አለ፤ የሚዘገይም አለ። ጉበቱ የሚፈጥንበት ሰው መድኃኒቱ ሳይሠራለት ሊወጣ ይችላል፤ የሚዘገይበት ሰው ደግሞ ያው መጠን በሰውነቱ ተጠራቅሞ ሊጎዳው ይችላል።

ይህን ማስቀደማችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ላለባቸው አዋቂዎች የሚቀርቡ አዳዲስ መድኃኒቶች ደህንነታቸው እንዴት እንደሚፈተን ነው። አንድ መድኃኒት አደጋ የለውም ሲባል፣ ቃሉ የሚጸናው በተፈተነባቸው ሰዎች፣ በተፈተነበት አገርና ክትትሉ በቆየበት ዘመን ልክ ብቻ ነው። ካፋ ውስጥ፣ ጋምቤላ ውስጥ ወይም መተማ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይባላል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ዘረመል የወረሰ ሰው ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲያራግፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይደድራል፤ ክብና ለስላሳ የነበረውም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። የታጠፈው ሕዋስ በቀጭን የደም ሥር ማለፍ ያቅተውና መንገድ ይዘጋል። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር፣ ይኼኛው ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይሰበራል። ስለዚህ ታማሚው ሁልጊዜ ደም ያንሰዋል፤ ከዚያም በላይ አጥንት የሚሰብር የሚመስል ሕመም ድንገት ይነሣበታል። ጄምስ ሄሪክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1910 የታጠፉትን ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ አይቶ ጻፈ፤ ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 የበሽታው ሥር ሄሞግሎቢኑ ራሱ መሆኑን አሳዩ። ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ከዚያም አልፎ ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ዘረመሉ ወባ ባለባቸው አገሮች በብዛት የኖረውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አንቶኒ አሊሰን በ1954 አስረድቷል።

በዓለም ላይ በ2021 ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖረው ሰው 7.7 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል። በዚያው ዓመት በሽታውን ይዘው ከተወለዱት ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ የተወለዱት ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እምብዛም አይገኝም፤ በምዕራቡ ቆላና በሱዳን ድንበር አካባቢ ግን ሐኪሞች ያገኙታል። ብዙ የማይታይ በሽታ ደግሞ የራሱ መከራ አለው፤ ታማሚው በወባ፣ በሩማቲዝም ወይም በተራ የደም ማነስ ስም ለዓመታት ሊታከም ይችላል።

ስለ አዋቂዎች ለይተን የምንናገረው ለምንድን ነው? ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚህ በሽታ ጋር የኖረ ሰው ኩላሊቱ፣ ሳንባው፣ ጉበቱና ልቡ ተነክተው ሊሆን ይችላል። ብዙ ደም ከተሰጠው ብረት በጉበቱ ውስጥ ይከማቻል። ለደም ግፊት፣ ለሕመም ወይም ለሌላ ችግር የሚወስደው መድኃኒትም ይኖራል። ሴቷ መውለድ ትፈልግ ይሆናል፤ ወንዱም እንዲሁ። በጤነኛ ወጣት ላይ ምንም ያላደረሰ እንክብል በእነዚህ ሰዎች ላይ ሌላ ነገር ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በጥቂት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች፣ ቀጥሎ በጥቂት ታማሚዎች፣ ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ይፈተናል፤ ፈቃድ ካገኘ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል።

ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሃይድሮክሲዩሪያ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሃይድሮክሲዩሪያ ለሲክል ሴል አልተሠራም። ጀርመን ውስጥ በ1869 የተቀመመ፣ በኋላም ለደም ካንሰር የዋለ መድኃኒት ነው። ሰው በማኅፀን ሳለ የነበረው፣ ከተወለደ በኋላ ግን የሚቀንሰው የፅንስ ሄሞግሎቢን በዚህ መድኃኒት እንደገና ከፍ ይላል፤ የፅንስ ሄሞግሎቢን ደግሞ ሕዋሱ እንዳይታጠፍ ይከላከላል። ነገር ግን ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ካንሰር ለሌለበት ሰው፣ ያውም ለዕድሜ ልክ፣ እንዴት ይሰጣል? ጥያቄው ከባድ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ 21 የሕክምና ማዕከሎች 299 አዋቂዎች ተመዘገቡ። ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል ይወስዳል። ማን ምን እንደደረሰው በዕጣ ተወስኖ በምሥጢር ስለተያዘ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁትም። መድኃኒቱ መቅኔን ስለሚጫንና ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ፣ ደማቸው በየሁለት ሳምንቱ ይቆጠር ነበር። ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ሲወርድ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ሲያገግም በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል።

ከሐኪሞቹና ከመድኃኒቱ አምራች ውጭ የሆነ የተቆጣጣሪዎች ቡድን ደግሞ የዕጣውን ምሥጢር ከፍቶ የማየት ሥልጣን ነበረው። በጥር 1995 ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተወሰነ፤ ምክንያቱ ግን መልካም ነበር። በዓመት ይነሣ የነበረው ከባድ ሕመም ባዶውን እንክብል በወሰዱት ላይ በመካከለኛ ግምት 4.5 ጊዜ፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 2.5 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በኋላ ገሚሱን ሰው በባዶ እንክብል ማቆየት አግባብ አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአዋቂዎች በ1998 ፈቀደው።

የካንሰሩ ሥጋት ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ሙከራ ሊፈታ አይችልም። ስለዚህ እነዚያው ሰዎች እስከ 17 ዓመት ተኩል ድረስ ተከታትለው ታዩ፤ በ2010 የወጣው ውጤት መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሞታቸው መቀነሱን፣ የተፈራው ካንሰርም አለመብዛቱን አሳየ። ይህ ሁሉ ሆኖም ጥንቃቄው አልቀረም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ማስቆጠር አለበት፤ ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ሴቶችም ወንዶችም አስቀድመው ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው፣ መድኃኒቱ ለፅንስ አይመከርምና፤ የወንድ ዘርንም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሌላኛው ታሪክ እንሂድ። ይኼኛው ያሳዝናል፤ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው።

በኅዳር 2019 ቮክሰሎተር የተባለ አዲስ መድኃኒት በአሜሪካ በተፋጠነ አሠራር ፈቃድ አገኘ። በገበያ ስሙ ኦክስብራይታ ይባል ነበር። ሥራው ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን አጥብቆ እንዲይዝና እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው። ፈቃዱን ያስገኘው ሙከራ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 65 ዓመት የሆነ 274 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን ዋናው መለኪያ በ24ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢን ምን ያህል ከፍ አለ የሚለው ነበር። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 51 በመቶው ሄሞግሎቢናቸው ከአንድ ግራም በላይ ሲጨምር፣ ባዶውን ከወሰዱት የጨመረላቸው 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ደስ ያሰኛል። ለዘመናት ተረስቶ ለኖረ በሽታ አዲስ ተስፋ ሲመጣ ታማሚው፣ ሐኪሙና ቤተሰቡ መደሰታቸውም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። የተለካው የሄሞግሎቢን ቁጥር እንጂ ሰውየው ከሕመም ማረፉ ወይም ዕድሜው መርዘሙ አልነበረም። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሌላውም ይሻሻላል ተብሎ ታሰበ፤ ይህ መረጋገጡ ለቀጣይ ሙከራዎች ተተወ። የተፋጠነ ፈቃድ ማለት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ማስረጃው ይከተላል።

ማስረጃው ሲከተል ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ከቀጣዮቹ ሙከራዎች አንዱ ለስትሮክ በተጋለጡ 236 ልጆች ላይ በግብፅ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በኦማን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ይካሄድ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት 8 ሲሞቱ፣ ባዶውን ከወሰዱት የሞቱት 2 ነበሩ። ሌላው ሙከራ የማይድን የእግር ቁስል ባለባቸው 88 ታማሚዎች ላይ በብራዚል፣ በኬንያና በናይጄሪያ የተደረገ ሲሆን በእርሱም 8 ሰዎች ሞቱ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በሐምሌ 2024 ምርመራ ጀመረ፤ ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖች በሞቶቹ ውስጥ የነበራቸው ድርሻም ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ነበር። በመስከረም 25 ቀን 2024 መድኃኒቱን ከሠራው ኩባንያ ጋር በ2022 ጠቅልሎ የገዛው ፋይዘር ቮክሰሎተርን ከዓለም ገበያ አነሣ፤ በመረጃው የሞትና የከባድ ሕመም ቁጥር መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ማየሉን ገልጾ፣ እየተካሄዱ የነበሩትንም ሙከራዎች አቆመ።

መድኃኒቱን ለአምስት ዓመት ያህል ሲወስዱ የነበሩ፣ የተሻላቸውም ሰዎች በአንድ ጊዜ ሌላ ሕክምና መፈለግ ነበረባቸው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛው፣ ክትትሉ ባይቀጥል ኖሮ አደጋው አይታወቅም ነበር። ሁለተኛው፣ አደጋው ጎልቶ የታየው ሙከራው የአፍሪካ ታማሚዎችን በብዛት በያዘ ጊዜ ነው። ወባ በሌለበት አገር ደህና የመሰለ መድኃኒት ወባ ባለበት አገር ሌላ ባሕርይ ይኖረው እንደሆነ የሚታወቀው እዚያው ሲፈተን ብቻ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የተጓዘ ሰው የጎጀብን ሸለቆ ያውቀዋል፤ ደጋው ላይ ወባ እምብዛም ነው፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ወባ አለ። በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ሁለት ታማሚዎች እንኳ ለአንድ መድኃኒት እኩል ላይጋለጡ ይችላሉ።

ሃይድሮክሲዩሪያም ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። ነጭ የደም ሕዋስን የሚቀንስ መድኃኒት ወባና ኢንፌክሽን በበዛበት አገር ቢሰጥ ሰውን አያጋልጥም ወይ? ይህን ለመመለስ በአንጎላ፣ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ፣ በኬንያና በዩጋንዳ 606 ሕፃናት መድኃኒቱን ወስደው ክትትል ተደረገላቸው። በ2019 የታተመው ውጤት ከፍርሃቱ ተቃራኒ ሆነ፤ ሕመሙ ከግማሽ በታች ወረደ፣ ወባው ራሱ በግማሽ ያህል ቀነሰ፣ ደም መውሰድም ሞትም ቀነሱ። ተሳታፊዎቹ ሕፃናት ስለሆኑ ለአዋቂዎች ቃል በቃል አይወሰድም። ነገር ግን አንዱ መድኃኒት በወባ አገር ሲፈተን ሲበረታ፣ ሌላው ሲፈተን ወደቀ። ሁለቱንም አስቀድሞ በግምት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከወባ ሌላ የጉበት ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የተጠኑበት ትልቅ ማስረጃ አለ። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የሚሠሩት ኢትዮጵያዊት የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንድ የጉበት ኢንዛይም የሚሠራበትን ዘረመል ከተለመደው በላይ አባዝተው ይዘው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ዘንድ ይህ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። ይህ ኢንዛይም ብዙ መድኃኒቶችን ይለውጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው፤ የሚያስታግሰው ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው የተለመደውን መጠን ወስዶ ካልተለመደ የሞርፊን መጠን ጋር ይገናኛል፤ ትንፋሽ እስከማሳጠር ሊደርስ ይችላል። በብዙ አገሮች ሲክል ሴል ያለበት አዋቂ ለሕመሙ ከሚታዘዙለት አንዱ ኮዴይን መሆኑን ስናስብ፣ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ሙከራ ብቻውን ለኢትዮጵያዊ ታማሚ ለምን እንደማይበቃ ይገባናል።

ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ባሉት ላይ ይኸው ኢንዛይም ቀስ ብሎ ሲሠራ ተገኘ። ማለትም ምግቡ፣ መጠጡና አካባቢው ድርሻ አላቸው። ሌላ ኢንዛይም ያዩበት የ2003 ጥናታቸው ደግሞ የተሠራው በመግቢያችን ላይ በነገርናችሁ በካፌይን ነው። ጫትም እንዲሁ ተጠንቷል፤ ያንኑ ኮዴይንን የሚለውጠውን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል። እንግዲህ ቦንጋ ላይ ወይም ጅማ ላይ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ጫት ይቅም እንደሆነ፣ የሀገር መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ሲጠየቅ እንደ ስድብ ወይም እንደ ምርመራ አይቁጠረው። ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። ለኮሶ ትል አያት ቅድመ አያት የጠጡት የኮሶ አበባ እንኳ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። የሀገር መድኃኒትም መጠንና ፈተና ይፈልጋል።

በዚህ ዘመን ብዙ የሚወራለት ሕክምና የዘረመል ሕክምና ነው። በአሜሪካ ቪክቶሪያ ግሬይ የተባሉ ሴት በ2019 የመቅኔ ሕዋሳቸው ተወስዶ፣ ዘረመሉ ተስተካክሎ፣ ተመልሶ ተሰጣቸው፤ ታሪካቸውን ራሳቸው ለዓለም ተናግረዋል። ካስጌቪ የተባለው ይህ ሕክምና በኅዳር 2023 በብሪታንያ፣ በታኅሣሥ በአሜሪካ ተፈቀደ። በቂ ጊዜ ከተከታተሏቸው 31 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከከባድ ሕመም ነፃ ሆነዋል። ዋጋው በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከመሰጠቱ በፊት ግን የነበረውን መቅኔ የሚያጸዳ ጠንካራ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፤ ይህም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ መውለድንም ሊያስቀር ይችላል። ከካስጌቪ ጋር በአንድ ቀን በአሜሪካ የተፈቀደው ሊፍጄንያ የተባለው ሌላው የዘረመል ሕክምና፣ ቀደም ባለው ሙከራው የደም ካንሰር የያዛቸው ታማሚዎች ስለነበሩ፣ ከጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጋር ነው የወጣው። እነዚህን ሕክምናዎች ላገኙ ሰዎች ለ15 ዓመት ክትትል እንዲደረግላቸው የተወሰነው ለዚህ ነው። ፈውስ የሚለው ቃል ከዚህ ክትትል በፊት በድፍረት ባይነገር ይሻላል።

ኢትዮጵያ ለመድኃኒት ሙከራ አዲስ አይደለችም። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ አጭር ሕክምና የተፈተነበት ስትሪም የተባለው ሙከራ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም ነበር የተካሄደው፤ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተሳትፈዋል። በ2019 በታተመው የመጀመሪያ ውጤት አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ የማያንስ ሆኖ ቢገኝም፣ የልብ ምት መዛባት ምልክት በአጭሩ 11 በመቶ፣ በረጅሙ 6.4 በመቶ ታየ። ይህ የታወቀው ለታማሚዎቹ የልብ ምርመራ በየጊዜው ስለተነሣላቸው ነው። ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች በሰጡት ፈቃድ የተገኘ እውቀት ለዓለም ተርፏል።

ፈቃድ ስንል ግን ፊርማ ብቻ ማለታችን አይደለም። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ከተማ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ ፋይዘር በ200 ሕፃናት ላይ ያካሄደው የመድኃኒት ሙከራ የወላጆች ፈቃድ በትክክል አልተጠየቀም የሚል ከባድ ክስ አስነሥቶ፣ በ2009 በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል። በአፍሪካ ብዙ ሰው የመድኃኒት ሙከራ ሲባል የሚጠራጠረው ያለ ነገር አይደለም፤ ጥርጣሬውን መናቅም አይገባም።

የተሻለው መንገድ በወላይታ ታይቷል። ዝሆኔ የሚመስለው፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ያለው መሆኑን ለማጥናት ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ሲነሡ፣ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ማኅበረሰቡን ጠየቁ። ሰዉ የፈራው መርፌውን ብቻ አልነበረም፤ በሽታው የዘር ነው ከተባለ ቤተሰቡ ሊገለል፣ ልጆቹም ትዳር ሊያጡ ይችላሉ የሚል ሥጋት ነበረ። ተመራማሪዎቹ የመረጃ አሰጣጡን በዚያው መሠረት አስተካከሉ፤ አሠራሩንም በ2009 አሳተሙት። ሲክል ሴልም የዘር በሽታ ነው። ልጅቷ የዘር በሽታ አለባት መባል በገጠር ምን እንደሚያስከትል ካፋም ወላይታም እኩል ያውቃሉ። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ ሙከራ የሚያደርግ ሁሉ ምሥጢር መጠበቁን ከደም ናሙናው እኩል ሊያስብበት ይገባል።

እንግዲህ አንድ አዋቂ ታማሚ በሙከራ እንዲሳተፍ ቢጠየቅ ምን ይበል? ቸኩሎ እሺም እምቢም አይበል። ወረቀቱን በሚገባው ቋንቋ፣ በካፊኖኖም ሆነ በአማርኛ፣ እንዲያስረዱት ይጠይቅ፤ ወደ ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ይምከርበት። ይህ መድኃኒት ከእኔ በፊት ስንት ሰው ወሰደው? ወባ ባለበት አገር ተፈትኗል? ባዶ እንክብል ሊደርሰኝ ይችላል? ሃይድሮክሲዩሪያ እየወሰድሁ ከሆነስ አቁም ትሉኛላችሁ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? ደሜ የት ይሄዳል? ከሠራልኝ ሙከራው ካለቀ በኋላ አገኘዋለሁ? በመካከል ብተው የተለመደው ሕክምናዬ ይቀርብኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አይቀርም። ሌላ መልስ የሰጠ ሰው ሥራውን አያውቅም ወይም ደንቡን እየጣሰ ነው። ሙከራው በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየቱንና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን መጠየቅም መብት ነው።

ክትትል የተመራማሪ ብቻ ሥራም አይደለም። ፈቃድ አግኝቶ በፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት ያልተጠበቀ ጉዳት ሲያደርስ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ቢጫውን የሪፖርት ቅጽ ሞልቶ ለባለሥልጣኑ ይልካል። ቦንጋ በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ በጤና ጣቢያ የሚታከም ሰው ሽፍታ ቢወጣበት፣ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ትኩሳት ቢነሣበት ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው መድኃኒቱን የያዘበትን ማሸጊያ ይዞ ሄዶ ይናገር። ማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቁጥር ችግሩ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የዚያ ምርት ብቻ የሚለውን ለመለየት ይረዳልና አይጣል።

የሚመጡትን መድኃኒቶችም በዚሁ ዓይን እንያቸው። ሚታፒቫት የተባለው አዲስ እንክብል ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራው ውጤት በኅዳር 2025 ተገልጿል። ሄሞግሎቢንን ከባዶው እንክብል እጅግ በልጦ ከፍ አድርጓል፤ የከባድ ሕመሙን ብዛት በመቀነስ በኩል ግን ልዩነቱ ለማሳመን የሚበቃ አልሆነም። ቁጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ከቮክሰሎተር ያየን ስለሆንን፣ ስለዚህኛው መጀመሪያ የምንጠይቀው ታማሚዎቹ ከሦስት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሆኑና ከመካከላቸው ወባ ካለበት አገር ስንቱ እንደነበሩ ነው።